ለሁለተኛው ካሴታችን የተሰጠ ሂስ

የመጀመሪያውን ካሴታችንን ያልወደደ ሰው የለም። እሱ ነው የሰለቸኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ አምቦ ገበያ ውስጥ አንዷ አይታኝ «አንቺ አይደለሽ እንዴ የኪነቷ ዘፋኝ!» ብላ ያን የመከር ዘፈን እዚያው ሽንኩርቱ አጠገብ ትጀምርልኛለች። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ምን ይደረግ። ስለ ሁለተኛው ካሴት የሚያነሳብኝ ሰው ግን የለም። እኔን ደግሞ ሌት ተቀን የሚመጣብኝ ሁለተኛው ነው።

ኪነት ስል የቀበሌያችንን የሙዚቃ ቡድን ማለቴ ነው። በደርግ ዘመን ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። የእኛን ከሌላው የለየው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤዝ ጊታር የተማረው ከጸሎት ቤታችን መዘምራን ጋር ነበር። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ጊታሮቹም ድምፅ ማጉያውም ወደ ቀበሌ ተወሰዱ፤ ወንድሜም ጊታሩን ተከትሎ ሄደ። አባታችን የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ጴንጤ ነው፣ ዘፈን ጆሮው እንዲገባ አይፈልግም። ወንድሜን ለብዙ ጊዜ አኮረፈው። እኔም ከወንድሜ ጋር ልዘፍን ስሄድ ግን ምንም አላለኝም። አስተማሪ ነበርኩ፣ ደመወዝ አመጣለሁ፤ ማን ይናገረኛል?

የመጀመሪያውን ካሴት ስንቀዳ ሙሉ ሰው ነበርን። ሳክስፎን ነበረን፣ ሊድ ጊታር ነበረን፣ የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር መኪና ላይ ጭነው ያዞሩን ነበር። ስለ መከር፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ስለ እናት አገር ዘፈንን። ካሴቱ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠ ከጊንጪ እስከ ጉደር ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞረ። ጨፈሩበት፣ ሠርግ አደረጉበት። የዚያ ዓመቱ በዓል ካለፈ በኋላ ሳክስፎን ተጫዋቹ ለወታደር ኦርኬስትራ ተወሰደ፤ ሊድ ጊታሩ ደግሞ «አዲስ አበባ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ፣ ያው እንደሄደ ቀረ። የቀረነው ወንድሜ፣ እኔ፣ ከበሮ የሚመታው የልብስ ሰፊው ልጅና ኦርጋን የሚጫወተው የትምህርት ቤት ባልደረባዬ ብቻ ነበርን። የኦርጋኑም ግማሽ ድምፅ ሞቶ ነበር።

ታዲያ ለምን አልተዋችሁትም ትሉ ይሆናል። መተው አይቻልም ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ፣ ወጣት ወንድ ያለበት ቤት ሁሉ ሰላም አጥቶ ነበር። ከገበያ ይታፈሳሉ፣ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፣ «ለስብሰባ ትፈለጋለህ» ይባላሉ፣ ከዚያ ወሬያቸው ከሰሜን ይመጣል፤ ከመጣ። ወንድሜና ከበሮ መቺው ልክ ለዚያ የደረሱ ነበሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር እናታችንን መንገድ ላይ አስቁሞ «ኪነቱ እስካለ ድረስ እነዚህን ልጆች ማንም አይነካብኝም» ብሏት ነበር። እናቴ ያችን ቃል እንደ መድኃኒት ጠዋት ማታ ትደግማት ጀመር። ኪነቱ እንዲኖር ደግሞ ሥራ ማሳየት ነበረብን። ሁለተኛ ካሴት ማለት ለእኛ ይሄ ነበር፤ የወንድሜ ነፍስ ነበረች።

በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ክፍል ተፈቀደልን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመን ቀዳን። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ከጀመረ አለቀ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አንድ ዘፈን ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ስናይ እንውላለን። ብርዱ ጉሮሮዬን ይዞት ነበርና ከፍ አድርጌ መዝፈን አልቻልኩም፤ እንደ ማውራት አድርጌ ነው የዘፈንኩት። ኦርጋኑ አልፎ አልፎ ብቻ ድምፁን ያሰማል፤ ዘፈኑን የሚሸከመው ቤዙ ነው። ወንድሜ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያችኑ ዜማ ደግሞ ደጋግሞ ይመታታል። ግጥሞቹም የእሱ ናቸው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ልክ እንደምናወራው። ጊንጪ ጭቃ ላይ አውቶቡስ ስለመጠበቅ። ከጭልሞ ጫካ እንጨት ተሸክማ ስለምትወርድ ሴት። በሩን ከፍታ ስለምትተኛ እናት።

ማን ነው ሐዘን እንሥራ ያለው? ማንም። ደክሞን ነበር በቃ። ስብሰባው፣ ሰልፉ፣ መዋጮው፣ የሰው መሄድ፤ ሁሉም ነገር አድክሞን ነበር፤ ድካማችን ነው እንደዚያ ሆኖ የወጣው። የመጨረሻውን ዘፈን ስንቀዳ መሃል ላይ ዝናቡ መጣ። ኦርጋን ተጫዋቹ እንድናቆም በእጁ ምልክት ሰጠን። ወንድሜ ግን ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ፤ እኛም ቀጠልን። ካሴቱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ ከዚያ ቆርቆሮው ይሞላል፣ ዘፈኑም እዚያ ውስጥ ገብቶ ያልቃል።

ሕዝቡ እንዴት ተቀበለው? ኤዲያ! ጉደር አንዲት ጠጅ ቤት አስከፍተነው የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ባለቤቷ መጥታ «እናንተ ልጆች፣ ጠጪዬን ልታስተኙብኝ ነው?» ብላ ነቀለችው። ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠነው፤ በማግስቱ በመስኮት እያቀበለን «በዚህ ዘፈን ብነዳ ገደል ነው የምገባው» አለን። ካቺሲ ለበዓል ተጠርተን ስንሄድ ደግሞ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ከፈተው። ሰማው፣ አልወደደውም፣ ካሴቱን አውጥቶ ለወንድሜ ሰጠው። ዕቃችንን ጭነን ልንንቀሳቀስ ስንል እየሮጠ መጣ። «ያን ነገር መልስልኝ» አለው፣ «ሚስቴ እየፈለገችው ነው።» ወንድሜ ያን ቀን እስከ አምቦ ድረስ ሲስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው የቀጠለው። ሰዎች ፊት ለፊት ይነቅፉታል፣ ዞር ብለው «እስቲ አንድ ገልብጡልኝ» ይላሉ። ጎረቤታችን፣ ልጇ የዘመተባት ሴትዮ፣ እኛ ቤት እየመጣች ትሰማው ነበር። አባቴ ሳይኖር ነው የምትመጣው። ስትጨርስ በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋ «ገለቶማ ልጄ» ብላ ወንድሜን አመስግና ትሄዳለች። ሌላ አስተያየት የላትም።

ቀኑ ደረሰና የአውራጃው ካድሬ ሊገመግመን እንደሚመጣ ተነገረን። ካሴቱ በቀበሌው አዳራሽ ይሰማል፣ ሕዝቡ ሂስ ይሰጣል፣ ኪነቱ ይቀጥል አይቀጥል ይወሰናል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ማል ጎና?» አለች፤ ምን ይሻለናል ማለቷ ነው። ማል ጎናን እኔም አላውቅ።

ያወቀው ኦርጋን ተጫዋቹ ነበር። ከሁላችንም ትልቅ፣ ብዙ ስብሰባ ያየ፣ ሂስና ግለ ሂስ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። «ወዳጆቻችንን አዳራሹ ውስጥ እንሞላለን» አለ። «ግን ተጠንቀቁ። ሁሉም ካመሰገነ ተዶልቶበታል ይላሉ። ከምስጋናው ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሂስ ጣል ያድርጉ። ትንሽ፣ ለአመል ያህል። ያኔ ነው ምስጋናው የሚታመነው።»

እውነቱን ነው፤ ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ምንም እንከን የለውም ያልከው ነገር ሁሉ ያስጠረጥርህ ነበር። እኔና እሱ ሁለት ሦስት ቀን ቤት ለቤት ዞርን። ሰዎቹም ደግ ናቸው፣ ለወንድሜ ሲሉ እሺ አሉ፤ ግን ፈሩ። «ምን ብለን እንንቀፍ? ነገር ብንሳሳትስ?» ይሉናል። ጎረቤታችን ናት ያቀለለችው። «እኔ፣ ጥሩ ነው ግን ትንሽ አስለቀሰኝ ብል ችግር አለው?» አለች። ኦርጋን ተጫዋቹ አሰበበትና «ጥሩ ናት፣ ማንንም አትነካም» አላት። ሴትዮዋ ይህን ይዛ ቧንቧ ላይ ለተሰለፉት ነገረች። እነሱም ለባሎቻቸው ነገሩ። የተፈቀደች ሂስ ተገኘች ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ሌላ ማን ያስባል?

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኛ የኪነቱ ሰዎች ከፊት ለብቻችን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ተገምጋሚ መናገር አይፈቀድለትም። ካድሬው ለስላሳ፣ ጨዋ ሰው ነበር። መጥፎ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር አስከፈተው። ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ፤ ልቤ ትንሽ መለስ አለልኝ። ከዚያ ተነሥቶ «ጓዶች፣ ሂስ የሌለው ምስጋና አድርባይነት ነው። ከቤቱ እንስማ» አለ። ኦርጋን ተጫዋቹ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ አላልኳችሁም ነበር ማለቱ ነው።

መጀመሪያ የተነሣው አንድ አስተማሪ ነው። ዜማው አዲስ ነው፣ ልጆቹ ታታሪ ናቸው አለ፤ እንደ ሂስ ግን ትንሽ ያስለቅሳል። ከሴቶች ማኅበር አንዷ ተነሣች። በርቱ ልጆቻችን አለች፤ እንደ ሂስ ግን አስለቅሷታል። የኅብረት ሱቁ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ «እኔም እንደ ቀደሙት ተናጋሪዎች» ብሎ ጀመረ፤ ቀሪውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ አናጢ ብቻ ነው «ለወደፊቱ ዝናቡ ቢነሣ» ያለው፤ ሰው ሳቀ፣ እኔም እግዜር ይስጠው አልኩ። ከሱ በኋላ የተነሣው ግን እንደገና «ያስለቅሳል» አለ። ምነው አንድ እንኳ ከበሮው ጮኸ የሚል ጠፋ! ወንድሜን በጎን አየሁት። ካሴቱ ሲሰማ ጉልበቱ ላይ ቤዙን ይመቱ የነበሩት ጣቶቹ ቆመው ነበር።

ጎረቤታችን ስትነሣ «ጥሩ ነው» አለች፣ «ትንሽ ነው ያስለቀሰኝ፣ በጣም አይደለም።» ይህን ካለች በኋላ መቀመጥ አቃታትና እዚያው ቆማ እውነተኛውን ለቅሶ አለቀሰች። ልጇን አስባ ነው። አጠገቧ ያሉት ሴቶችም አብረው አለቀሱ። አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ።

መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳይነግረው፣ አባቴ ከኋላ ተነሣ። መምጣቱንም አላወቅንም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ «እኔ ዘፈን አልሰማም» አለ። «ይህን ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከሞቱብኝ ሰዎች ያልመጣብኝ የለም።» ተቀመጠ። ወንድሜ ዘወር ብሎ አየው። አባቴ ስለ እሱ ሥራ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ፊቱ ሁሉ በራ። እኔ ግን የማየው ካድሬውን ነበር፤ «ይኸው፣ እሱም» በሚል ራሱን ይነቀንቃል።

«ጓዶች» አለ ካድሬው፣ «እኔ በግሌ ሙዚቃውን ወድጄዋለሁ። ግን ከብዙኃኑ አልበልጥም። ቤቱ በአንድ ድምፅ ያስለቅሳል ብሏል፤ ልዩነት የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ግንባር በሚሸኙበት ወቅት የሚያስለቅስ ኪነት መያዝ አንችልም።» ኪነቱ ታግዶ ይቆይ ተባለ። አጨበጨቡ፤ ልማድ ነው። እጃቸው እያጨበጨበ ዓይናቸው እኛን ይፈልግ ነበር፤ ምን እንዳደረጉ ያኔ ነው የገባቸው።

ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲህ እናቴን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። ከበሮ መቺው ጭልሞ፣ የጫካ ሥራ ላይ ያለ አጎቱ ጋ ሄዶ ተደበቀ። ወንድሜ አልደበቅም አለ። «አባባን አስረው ቢያንገላቱትስ?» አለኝ። መከር ሳይገባ ለስብሰባ ትፈለጋለህ አሉት፤ ሄደ። እናቴ ጊታሩን ከቀበሌ ለምና አምጥታ አልጋው ላይ አስተኛችው። ጎረቤታችን ያን ቀን ከአዳራሽ እንደወጣች ደጃችንን አልረገጠችም። በአጥር በኩል ስታየን አቀርቅራ ትገባለች። እናቴ ሰው ልካባታለች፣ እኔም ሄጄ ለምኛታለሁ። «በምን ዓይኔ?» ነው መልሷ። ኦርጋን ተጫዋቹም ዝውውር ጠይቆ ከአምቦ ወጣ።

ዓመታቱን ምን ብዬ ልተርክላችሁ። ማስተማር፣ ስብሰባ፣ ሬዲዮ ማድመጥ፣ ሰሜን ደርሶ የመጣ ሰው ሲገኝ ሮጦ መጠየቅ። አባቴ ካሴቱን መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበት ነበር።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን የተበተነው ሠራዊት በእግሩም በመኪናም በአምቦ በኩል ወደየቤቱ ሲያልፍ ሰነበተ። ወንድሜም አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከድንች ጫኝ መኪና ላይ ወረደ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን ሙሉ ነው፤ እጁም እግሩም አለ። እናቴ እልል አለች። ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም። እንደገና ጠራችው። ኋላ ነው የገባን፤ ጆሮውን መድፍ ወስዶታል።

በማግስቱ አባቴ ቴፑን ደጅ አወጣው። ባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሙቆ ከተተና ካሴቱን ከፈተው። በቤቱ ዘፈን ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንድሜ ካሴቱ ሲዞር ዓይቶ አወቀው። በርጩማውን ስቦ ተጠጋና መዳፉን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጠፈ። ትንሽ ቆይቶ የሌላው እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ መሄድ ጀመሩ፤ ከቤዙ ጋር ልክ፣ አንዲት ሳትዛነፍ። መጨረሻው ዘፈን ላይ ጣቶቹ ቆሙ። «አሁን ዝናቡ ነው፣ አይደል?» አለ፤ ደንቆሮ እንደሚናገረው ጮክ ብሎ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት።

«ጥሩ ነበር?» አለኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን አንቺ እንድትናገሪ አልተፈቀደልሽም።»

ይገርማል፣ «ጥሩ ነው» ልለው አፌን ስከፍት «ግን» የምትለዋ ቃል ቀድማ ምላሴ ላይ ቆማ አገኘኋት። ያ ሁሉ ዓመት እንዲህ አድርጎን አለፈ። ዋጥኳትና «ጥሩ ነው!» አልኩት። «ምን?» አለኝ። «ጥሩ ነው! ምንም አይጎድለውም!» ብዬ ጮኽኩ፤ ደግሜ ጮኽኩ፤ ድምፄ እየተቆራረጠ ጮኽኩ።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታችን መርዶ መስሏት እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ወንድሜን አየችው፣ ካሴቱንም ሰማችው። የእሷ ልጅ እስካሁን አልመጣም ነበር። ወንድሜ ወደ እሷ ዞሮ «እሷስ ምን ትላለች?» አለ። ሴትዮዋ ደነገጠች። እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ፣ ሁለት እጇን እያርገበገበች «ደስ ይላል!» ብላ ጮኸች። «ደስ ይላል ልጄ! በጣም ደስ ይላል! ምንም አያስለቅስም!»

ወንድሜ አልሰማትም። ፊቷን አየ፣ ብዙ ጊዜ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ከመጣ ጀምሮ ያላየሁትን ሳቅ ሳቀ።

«አየሽ፣ አለቀሰች» አለኝ።

እናቴ ገብታ ወንበር አወጣችላት።